ሦስት ፍሬ ዳቦ ቆሎ

ያጠፋሁትን እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ምን ያህል ተጠንቅቄ እንደነበር ይታወቅልኝ።

ተራዬ የደረሰው በተመዘገብኩ በዘጠነኛው ዓመት ነው። ሰኞ ጠዋት ሃያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሊፍት ገመድ ስፈትሽ መልእክት ገባልኝ። «አቶ ምንተስኖት ደሳለኝ፤ በመጪው ኅዳር ዓባይ ላይ የስድስት ሰዓት የካያክ ጉብኝት ተፈቅዶልዎታል» ይላል። ወንዞችን አጥሮ ከሰው ከሚጠብቀው ከወንዝ ዕረፍት ቢሮ ነው። የመሣሪያ ሣጥኔ ላይ ቁጭ አልኩ። እኛ ሕንፃ ውስጥ ከሚኖረው ሦስት ሺህ ሰው ወንዝ በዓይኑ ያየው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው፤ እሱም ያየው ሲታጠር ነው።

ሊፍት ጠጋኝ ስለሆንኩ ጥንቃቄ እንጀራዬ ነው። ቢሮው የላከውን የዝግጅት ዝርዝር በሬ ላይ ለጠፍኩና አንድ በአንድ ጀመርኩ። ሃያ አንድ ቀን ሳሙና፣ ሽቶና ቅባት አይነካም። የጨጓራ መድኃኒቴም ቆመ፤ የሰው መድኃኒት በላብ እንኳ ቢሆን ውሃው ውስጥ መግባት የለበትም። በሁለተኛው ሳምንት የሥራ ባልደረቦቼ እኔ የገባሁበት ሊፍት ውስጥ መግባት ተዉ። ልጄ ሶልያና ደግሞ ሳህኗን ይዛ በረንዳ ላይ መብላት ጀመረች።

«አባዬ፣ ለወንዙ ተመችተህ ለሰው አልተመቸህም» አለችኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጣሪያው ላይ ባለው የውሃ ገንዳ ልምምድ ነበር። ካያክ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ እግር ዘርግተው የሚገቡበት ጠባብ ጀልባ ነው። አሠልጣኙ ከነእኔ ይገለብጠዋል፤ እኔ ውሃ ውስጥ ተዘቅዝቄ ሹልክ ብዬ መውጣት አለብኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ገለበጠኝ። በአምስተኛው ውሃ ጠጣሁ፤ በአሥራ አንደኛው እየሳቅሁ ወጣሁ። መቅዘፊያውን ሳላንቦጫርቅ መክተት፣ ሳሌን መዋጥ፣ እርዳታ ስፈልግ ሳልጮህ መቅዘፊያዬን ቀጥ አድርጌ ማንሳት ተማርኩ። ጉማሬ ከታየ በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል አይገባም፤ መንገዱ ይለቀቅለታል። የመንሳፈፊያ ጃኬቴን ማሰሪያ ዓይኔን ጨፍኜ ማሰር እስክችል ድረስ ደጋገምኩ።

ደንቦቹን በቃሌ ያዝኳቸው። ለዱር እንስሳ ምግብ አይሰጥም የሚለውንም ጭምር። የሰው ምግብ የቀመሰ እንስሳ ሰው መፍራት ስለሚተው ከነመንጋው ከወንዙ ይነሳል ይላል። አንብቤ ፈረምኩ። እንዲያውም አራት ቦታ ነው የፈረምኩት።

የቀረኝ ዋስ ነበር።

ማንኛውም ጎብኚ ከወንዙ ዳር ነዋሪዎች መካከል አንድ ዋስ መጥራት አለበት፤ ጎብኚው ላጠፋው ተጠያቂው ዋሱ ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች አገሬውን በደንብ ያውቁታል። ሰው ለራሱ ላይጠነቀቅ ይችላል፣ ዋሱን ግን አያሳፍርም ብለው ነው። በዚያ ወንዝ ዳር የቀሩት አርባ አንድ ቤቶች ናቸው። አንድ ጥፋት የተገኘበት ቤት ይነሳና ደጋው ላይ በተሠሩት ሕንፃዎች አንድ ክፍል ይሰጠዋል። የተነሳ ሰው ወደ ወንዙ ተመልሶ አይገባም፤ ለቀብርም ቢሆን አይገባም።

ወንዝ ዳር ዘመድ የሌለው ሰው ተራው እየደረሰ ያልፈዋል። እኔ ግን ጋሽ ይበልጣል ትዝ አሉኝ። አባቴ የልጃቸውን የአንዷለምን ክርስትና ያነሳ አበልጃቸው ነበር። አንዷለም በሃያ ዓመቱ ታሞ ሞተ። አበልጅነት ግን ልጅ ሲሞት አይቀርም፤ አባቴ ሲያርፍ ጋሽ ይበልጣል ሌሊቱን ተጉዘው መጥተው ሰልስቱ እስኪወጣ ድንኳን ውስጥ ከእኛ ጋር ተኝተዋል። ሲሄዱ «እደውላለሁ» አልኳቸው። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት።

ደወልኩ።

«ጋሽ ይበልጣል፣ ምንተስኖት ነኝ። የደሳለኝ ልጅ።»

«የአበልጄ ልጅ! አለህ እንዴ? ደኅና ነህ ወይ? ልጅቱ ደረሰች? እናትህስ እንዴት ናት?»

እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነበር። አልነገርናቸውም። ስልኩ ላይ አለቀሱ፤ እኔም ዝም ብዬ ጠበቅኳቸው። ለቅሷቸውን አክብሬ አልነበረም። የደወልኩበትን ጉዳይ ለመናገር ነው።

«ዋስ ነው ያልከኝ?» አሉ ስጨርስ። «ይችን ለመጠየቅ ነው እንዲህ የተሳቀቅኸው? ና እንጂ! እንኳን ዋስ ሌላም እሆንሃለሁ።»

ከኋላቸው የባለቤታቸው የእትዬ አትጠገብ ድምፅ ተሰማ። «የምን ዋስ ነው? ቤቱን እኮ ነው የምታሲዝ! አንዷለምን ትተን የት ልንገባ ነው?»

«የአበልጄ ልጅ ነው እኮ።»

«ይሁና! ያጠፋ እንደሆነስ?»

«የደሳለኝ ልጅ አያጠፋም።»

እንዳልሰማ ሆንኩ። አንዷለም የተቀበረው እዚያው ወንዙ ዳር ሚካኤል እንደሆነ፣ እናቱ ወር በገባ በአሥራ ሁለት መቃብሩን እንደሚጠርጉለት አውቅ ነበር። ሁሉንም አውቄ አመሰገንኩና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ዝርዝሩ ላይ «ዋስ» ከሚለው ጎን ምልክት አደረግሁ።

ኅዳር ስድስት ቀን ቤታቸው ደረስኩ። ቤቱ ከውሃው ሠላሳ እርምጃ አይርቅም፤ ጋሽ ይበልጣል ዓሣ የሚያጠምዱባት የደንገል ታንኳ ደጃፉ ላይ ተደግፋ ቆማለች። እትዬ አትጠገብ የስልኩን ቁጣ የት እንዳደረጉት አላውቅም። ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው ሳሙኝ።

«አባቱን! ቁርጥ አባቱን!»

ቢሮው ከውጭ ምግብ አያስገባም። ጎብኚ ወንዝ ላይ የሚበላው ከዋሱ ቤት የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ብቻ ነው፤ ዱቄቱም ከየቤቱ እየተወሰደ ተመርምሮ ይታወቃል። ስለዚህ እትዬ አትጠገብ ያን ቀን ከሰዓት ሙሉ ዳቦ ቆሎ ሲቆርጡና ሲቆሉ ዋሉ። ከረጢቱን እስኪጨናነቅ ሞሉልኝ።

«ውሃ ላይ ሰው ቶሎ ይርበዋል። አትፈር፣ በደንብ ብላ» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስድስት ጎብኚዎች ተመዘንን። ቢሮው የሰጠንን ቀለም ያልነካው የጥጥ ልብስ ለብሰን፣ ሽንታችንን የምንይዝበትን ከረጢት ታጥቀን፣ ከሐይቁ መውጫ ጀምረን ወረድን። የምትመራን ሐመልማል የምትባል የቢሮው ሠራተኛ ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ፊቷ ላይ ክፋትም ቸርነትም የማይታይ። ከፏፏቴው ብዙ ርቀን እንደምንወጣ፣ ድንጋያማው ቦታ ላይ ከካያክ ወርደን በእግር እንደምናልፍ አንድ ጊዜ ነገረችን። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሰው የለም።

አልዋሽም፣ ያምር ነበር። ደንገሉ በሁለቱም ዳር እንደ ግድግዳ ቆሟል። ይብራዎች አጠገባችን ይንሳፈፋሉ፤ ዞር ብለውም አያዩን። አንድ ቦታ ላይ ውሃው ተንቦጫረቀና የጉማሬ ጆሮ ብቅ አለ። ሐመልማል መቅዘፊያዋን አነሳች። ስድስታችንም በተማርነው መሠረት ወደ ዳር ተጠግተን፣ ጥልቁን ለቀን፣ እስኪያልፍ ትንፋሻችንን ዋጥን። ኮራሁ። ልክ በትክክል የተገጠመ ፍሬን እንደማይ ነው የተሰማኝ።

እኩለ ቀን ላይ አንዲት ደሴት ላይ ለምሳ ወረድን። ደንቡ ስለሆነ ሃያ ሃያ እርምጃ ተራርቀን፣ ጀርባ ተሰጣጥተን ተቀመጥን። ከረጢቴን ፈትቼ አንድ ጭብጥ አፌ ውስጥ ከትቼ ቀና ስል፣ ጦጣ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ልጇ ደረቷ ላይ ተለጥፏል። አትለምንም፣ አትቀርብም። የምታየው እጄን ነው። እጄ ወደ አፌ ሲሄድ ዓይኗ አብሮ ይሄዳል፤ ሲመለስ አብሮ ይመለሳል።

እኛ ቤት የሚያይ ሰው እያለ ሳያቀምስ የበላ ልጅ ይቆነጠጥ ነበር። የምታየው አራስ ከሆነችማ ወዮለት። አፌ ውስጥ ያለው አልዋጥ አለኝ። ወዲያ ዞሬ ልበላ ሞከርኩ፤ ወዲያ መጣች። ሃያ አንድ ቀን ሳሙና የተወ፣ አራት ቦታ የፈረመ ሰው እጁን ዘርግቶ ሦስት ፍሬ ዳቦ ቆሎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። ቀስ ብላ አንድ በአንድ አነሳችና ጉንጯ ውስጥ ሸጎጠቻቸው። «ብይ» ማለቴንም አስታውሳለሁ። ያን ቀን ከልቤ ደስ ያለኝ ያኔ ብቻ ነው። ደንቡ ትዝ ያለኝ ካያኬ ውስጥ ገብቼ ማሰሪያዬን ሳጠብቅ ነበር።

ከወንዝ የወጣ ጎብኚ ወደ ቤቱ የሚለቀቀው ወንዙ ታይቶ ደኅና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ማረፊያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ሐመልማል ገባች።

«ደሴቷ ላይ የአንዲት ጦጣ ዓይነ ምድር ውስጥ የስንዴ ዱቄት ተገኝቷል» አለች፤ ድምፅዋ ቃለ ጉባኤ የምታነብ ይመስላል። «ዱቄቱ ከአቶ ይበልጣል ቤት ነው። አቶ ምንተስኖት፣ ዋስዎ ናቸው። እርስዎ ነዎት የሰጡት?»

ወንዙ ላይ ካሜራ አይፈቀድም፤ አእዋፉን ይረብሻል። የሚፈረደው በሰው ቃል ነው። ጎብኚው ራሱ ካመነ ዕዳው ከዋሱ ላይ ይነሳል፤ አዎ ብል ዋሴ ነፃ ይወጣሉ። እኔ ግን ከነቤተሰቤ ከማንኛውም የተከለለ ውሃና ደን ዕድሜ ልክ እታገዳለሁ። ሶልያና ከወር በኋላ የሐይቅ ጥናት ጣቢያ ሥራ ልትጀምር ነው፤ እሱም ይቀራል።

«አይደለሁም» አልኩ።

ለልጄ ስል ነው እያልኩ ለራሴ ነግሬዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን አፌ ሲከፈት ሶልያና ትዝ አላለችኝም። አምስቱ ጎብኚዎች ዞረው ሲያዩኝ አፈርኩ። አንድ ትልቅ ሰው፣ ከሁሉም ይበልጥ ጠንቃቃ የነበርኩት ሰው፣ ለጦጣ ዳቦ ቆሎ አጎረስኩ ማለት ነበረብኝ። እሱን ነው ያልቻልኩት።

ጋሽ ይበልጣልን ጠሯቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ፣ ለሁላችንም እጅ ነሱ። ሐመልማል ያው የነገረችንን ነገረቻቸው። «እንግዳዎ አልሰጠሁም ብለዋል። ከእናንተ ቤት የሰጠ አለ?»

ወደ እኔ አዩ። ረጅም ጊዜ አይደለም። ዓይናቸው ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ፤ እንግዳ ሲያስነጥሰው «ይማርህ» እንደሚል ሰው ነበር ያዩኝ።

«የአበልጄ ልጅ አልሰጠሁም ካለ አልሰጠም» አሉ። «የሰጠሁት እኔ ነኝ። ትላንት በማለዳ መረብ ልዘረጋ በዚያ ሳልፍ ወርውሬላታለሁ።»

«ደንቡን ያውቃሉ?»

«አሳምሬ።»

ፈርመው ወጡ። እኛንም የቢሮው ሰዎች «በነፃ ሂዱ» አሉን። አንደኛው ጎብኚ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «እንዲህ ያለ ዋስ ይዘህ በሰው ጥፋት ልትታገድ ነበር እኮ!» አለኝ።

አንድ ሰዓት ያህል መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆየሁ። ከዚያ ሐመልማልን ብቻዋን አገኘኋት።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አልኳት።

አልደነገጠችም። ወንበር ሳበችልኝ። «ይሁን። ይህን ብጽፈው ግን ሽማግሌው ለቢሮው ዋሽተዋል ማለት ነው። የዋሸ ዋስ ደግሞ የሚነሳው ከነወንድሞቹ ነው። ሁለት ወንድሞች አሏቸው፤ ከነቤተሰባቸው አሥራ ስድስት ሰው። ልጻፈው?»

ጠበቀችኝ። ፊቷ ላይ አሁንም ክፋት አልነበረም።

«ተይው» አልኩ።

ያኔ የተሰማኝን መደበቅ አልፈልግም፤ ቀለል አለኝ። ለመናገር ሄጄ ነበር፣ አልሆነም፣ በቃ። ከበር ወጥቼ አሥር እርምጃ እስክራመድ ድረስ ራሴን እንደ ደግ ሰው ነበር የቆጠርኩት።

ሳልሰናበት መሄድ ነውር ስለሆነ ልሰናበት ሄድኩ። ሦስት የቢሮው ሠራተኞች ዕቃ እያወጡ ጋሪ ላይ ይጭናሉ። ታንኳዋን ግን አይጭኗትም፤ የወንዙ ንብረት ናት ብለው ወደ ጎን አድርገዋታል። ከደሴቷ በኩል የጦጣ ጩኸት ይሰማል። መንጋውን እየያዙ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው አሉ። እትዬ አትጠገብ ጓሮ በተቋጠረ ልብስ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸውን ለባላቸው ሰጥተዋል። ጋሽ ይበልጣል ደግሞ ምሰሶውን ተደግፈው ቆመዋል።

«መጣህልኝ ልጄ!» አሉ እትዬ አትጠገብ ሲያዩኝ። እንባቸው ወረደ። «አየህልኝ ይህን ሰውዬ? እኔ እኮ አንተን ነበር የፈራሁ። ኃጢአቴ ይቅር ይባል፣ ያጠፋ እንደሆነስ ብዬ ነበር ባንተ። ከቤቴ ነው የወጣብኝ! አርባ ዓመት ሙሉ ጦጣ አታልምድ ስለው ኖሬያለሁ። ልጄን በጦጣ ለወጠብኝ። አሥራ ሁለት ሲመጣ አንዷለምን ማን ይጠርግለታል? ሣር ሊውጠው ነው እኮ!»

አንገቴን ደፋሁ።

«ደጋ ላይ ከእሱ ጋር አንድ ክፍል አልገባም» ቀጠሉ። «ለየብቻችን ጻፉን ብያቸዋለሁ።»

«አትጠገብ» አሉ ጋሽ ይበልጣል ቀስ ብለው። «በሰባ ዓመቴ?»

«ዝም በል! አንተ ከእኔ ጋር አትናገር።»

ጋሽ ይበልጣል ወደ እኔ ዞሩ። «ሽማግሌ ልልክባት ነበር። የሚነሳ ቤት ደጃፍ የሚረግጥ ጎረቤት የለም፣ ሁሉም ለቤቱ ይፈራል። አንተ ካለህ... አስታርቀን።»

እትዬ አትጠገብ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ቀና ብለው አዩኝ። «እሱስ ደግ። አባትህ ቢኖር እሱን ነበር የምጠራ። በአባትህ እግር ቁምልኝና ፍረድ። ግን እንዲያው አስታርቃለሁ ብለህ አታለሳልሰው። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አስቀድመህ ተናገር።»

ሠራተኞቹ ጋሪው ላይ ገመድ እየጎተቱ ነበር፤ ጆሮአቸው እዚሁ ነው። እውነቱ ከተሰማ አሥራ ስድስት ሰው ይነሳል። ይህ ልክ ነው። ደግሞም ይህን ምክንያት በማግኘቴ ውስጤ አመስግኖ ነበር፤ ይህም ልክ ነው። ጋሽ ይበልጣል ከምሰሶው ሥር ሆነው ጭንቅላታቸውን በጣም ትንሽ ነቀነቁልኝ። ተናገር፣ እኔን በል ማለታቸው ነው።

«ጥፋተኛው» አልኩ፣ «ጋሽ ይበልጣል ናቸው።»

«ተባረክ!» አሉ እትዬ አትጠገብ። «ተባረክ ልጄ። እውነት ተናገርክ።»

ጋሽ ይበልጣል ጎንበስ ብለው ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ፈለጉ። ትንሹን ማንሳት ይችሉ ነበር፤ ትልቁን አነሱ። ጫንቃቸው ላይ ሲያወጡት ተንገዳገዱ። ደገፍኳቸው፤ ምላሴ ባይችል እጄ ያን ያህል ችሏል። ሚስታቸው እግር ሥር ተንበረከኩ።

«አጥፍቻለሁ፣ አትጠገብ» አሉ። «ይቅር በይኝ። ልጄን ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ። ሦስት ፍሬ ነበር፤ ሦስት ፍሬ።»

ሦስት መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ጠዋት የዘረጉትን መረብ እኩለ ቀን ላይ የሚያነሱበት ቦታ ከደሴቷ ትይዩ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አይተውኛል። አዳራሹ ውስጥ ከመጠራታቸው በፊት፣ እኔ አይደለሁም ከማለቴም በፊት ያውቁ ነበር።

እትዬ አትጠገብ እኔን ነበር የሚጠብቁት፤ አስታራቂው ካልተናገረ ይቅርታ አይሆንም።

«ይቅር ይበሏቸው» አልኩ።

ጋሽ ይበልጣል አንገታቸው ላይ የደም ሥር ተገትሮ ይታያል። ከሠራተኞቹ አንዱ ገመዱን ትቶ ቆሞ ያያል።

«ስለ አንተ ስል ነው» አሉኝ እትዬ አትጠገብ በመጨረሻ። «ሌላ ሰው ቢለኝ በልጄ አጥንት እምቢ ነበር የምል። ስለ አንተ ስል ይቅር ብየዋለሁ።»

ድንጋዩን ከጫንቃቸው ላይ አወረድኩላቸው። ጋሽ ይበልጣል እንደተንበረከኩ እጄን ያዙና ሳሙት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉኝ።